ውሃ የጠጣው ሞተር

ያ ክረምት ልብስ የማይደርቅበት፣ ግድግዳው ሳይቀር የሚያልብበት፣ አጥንት የሚበላ ክረምት ነበር። ከደጄ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የአንድ የሞተር ብስክሌት ውድድር ቡድን መካኒክ ይሠራ ነበር። ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ሞተሮቹ መቀመጫ የላቸውም፤ ተቁሞ ነው የሚነዱት፣ ቋጥኝ ይወጣሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ።

መካኒኩ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ሳጥን ክዳን ዙሪያውን ግሪስ ይቀባና ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በተቆረጠ ቁራጭ ያሽገዋል። ከዚያ በጆግ ውሃ ያፈስበታል፤ ከፍቶም ውስጡን በነጭ መሃረብ ይጠርጋል። መሃረቡ ከረጠበ እየተራገመ እንደገና ይጀምራል። ማታ ማታ ወደ ቤት ልትወስደው የምትመጣ ሴት ልጅ ነበረችው፤ አንድ እግሯ አይታጠፍም።

አንድ ቀን ውድድር ሊጀመር ሲል የቡድኑ አለቃ አንዱን ሞተር በኃይለኛ የውሃ ጎማ አሳጠበው። መካኒኩ ሳጥኑን ሲከፍተው ውሃ ቋጥሯል።

«አፍንጫው ውስጥ እኮ ነው የለቀቃችሁበት!» ብሎ ጮኸ። «ሳይደርቅ ንቅንቅ አይልም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ለብረት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» አለ አለቃው፤ የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ሳቁ። «ነጂው ወንዙ ጋ እየጠበቀ ነው፣ አምጣው በቃ!»

«ውሃ መሃል ቀጥ ሲል ላዩ ላይ ሰው አለ፣ አንተ ደንቆሮ! የእኔዋ ልጅ እግሯ የቀረው እንዲህ ነው፤ እሷን አይተህ እንኳ አትማርም?»

ካንዴላውን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሞተሩን እዚያው ገትሮባቸው ሄደ። ያለሱ በምን ያስነሱት!

ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሱን መጨረሻ ያየሁት አውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ይለጥፋል።