ጤዛው ያልተነካ ደወል

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት በታኅሣሥ፣ የነቢያት ጾም ሊጋመስ ሲል ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከቀረ ሰባት ዓመቱ ነበር። አባቴ ከራቤል ማዶ በትውልድ አጥቢያችን ቄስ ናቸው። ፍትሐት እንዲያደርጉለት፣ እኛም ቁርጣችንን አውቀን፣ አልቅሰን እንድናርፍ ልለምናቸው ነበር የሄድኩት። ለፍትሐቱ የሚሆን ጧፍ በስልቻዬ ይዣለሁ።

ሞላሌ

ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ የጭነት መኪና ሁለት ብር አስከፍሎ እህል ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ። የመንዝ ብርድ ጋቢ አይፈራም፤ ሞላሌ ስደርስ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኛል። በዘጠኝ ሰዓት የባቄላ ንፍሮ ቀምሼ በቅሎ ተከራየሁ። ባለቤቱ፣ «ገደል ፊት ከቆመች አትምታት» ብሎ አደራ አለኝ።

ከራቤል ማዶ

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም ወጣ። የገዛ መዳፌ እንኳ አልታይ አለኝ። በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ጎተትኳት፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ አደራውን ረስቼ መታኋት፤ አልተነቃነቀችም።

ያኔ ደወል ሰማሁ። በእኛ አጥቢያ ጉም ሲወርድ መንገደኛ እንዳይጠፋ የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደወል ይመታል። ይኼኛው ግን ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያለ ነበር። እንዲያ የሚመታው ደምሴ ብቻ ነበር፣ ዲያቆን ሳለ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ወደ ድምፁ ዞረች፤ እኔም ጅራቷን ይዤ ተከተልኳት። በማግስቱ በቅሎዋ የቆመችበትን ቦታ አየሁት። ለገደሉ አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ።

ያን ዕለት ድምፁን ተከትዬ ስደርስ፣ አባቴ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብቻቸውን ቆመዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ማን እንደመታው ጠየቅኳቸው።

«አንተም ሰማኸው?» አሉ።

ወደ ደወሉ ሄድኩ። መምቻው ድንጋይ ላይ ጤዛው እንዳለ ነው፤ እጅ የነካው አይመስልም። ፈራሁ፤ ፍርሃቴን አልደብቅም።

ቤት ገብተን እሳት ዳር ስንቀመጥ ጧፉን አውጥቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ጧፉን ተቀብለው አገላበጡት።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፤ ፍትሐትም እንዲሁ ነው፤ በሕይወት ቢኖርስ? ነቢያትስ የጌታን ልደት ቀኑን አውቀው ነው የጠበቁ?»

«ታዲያ ደወሉን ማን መታው፣ አባባ?»

«አልጠየቅሁም፣ ልጄ። በጉም ቀን ስሰማው አመሰግናለሁ እንጂ።»

ጧፉን ለገና ይሁን ብዬ ተውኩላቸው። የዚያን ዕለት፣ ስንት ዓመት ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ደብረ ብርሃን

ቤቴ ስመለስ ሰው ሁሉ ምን ሰማህ አለኝ። ወንድሜ ይኑር ይሙት ዛሬም አላውቅም። ሳላውቅ የማርፍ አይመስለኝም ነበር፤ አርፌ መጣሁ።

ሚስቴ ለለቅሶው ነጠላዋን ከል አስነክራ ጠብቃኛለች። አጥፋ እንድታስቀምጠው ነገርኳት።

«እስከ መቼ?» አለች።

«አልጠየቅሁም» አልኳት።