ማኅተም ያረፈበት መካንነት

መካን መሆኔን የነገረኝ ባሌ ነው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ሽሮውን በእንጀራ እየጠረገ፣ «ከዛሬ ጀምሮ መካን ነሽ» አለኝ። ከተጋባን ገና ስምንት ወራችን ነበር።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በደርግ ጊዜ ከአገር ለመውጣት መንግሥትን የሚያሳምን ምክንያት ያስፈልግ ነበር፤ በመንግሥት መሰልቸት ደግሞ ከምክንያት አይቆጠርም። እህቱ ጣሊያን ነበረች። እዚያ መካንነት የሚያክሙ ሐኪሞች አሉና ለሕክምና ብለን እንወጣለን፣ ከወጣን አንመለስም፣ ያን ጊዜ እንደ ልብሽ ትወልጃለሽ አለኝ። ዕቅዱ ይኸው ነው።

«ለምን አንተ መካን አትሆንም?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ወንድ ልጅ መካን ነኝ ብሎ ቀበሌ ይሄዳል እንዴ? ምን ይሉኛል?»

እኔን ምን እንደሚሉኝ ግን አላስጨነቀውም። አንድ የሚያውቀው ሐኪም ወረቀቱን ጻፈለት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ማንበብ መቻሉን ለሰፊው ሕዝብ ማሳየት የሚወድ ሰው ስለነበር፣ ለስኳር በተሰለፈው ሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ማኅተሙን መታበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቶቼ ሕፃን አቅፈው ሲያዩኝ ነጠላቸውን ልጁ ላይ ጣል ያደርጉ ጀመር።

ሆዷ የገፋ መካን ደግሞ ለአብዮቱ አይመችም። ስለዚህ ክኒን መዋጥ ነበረብኝ። ክሊኒኩ የባል ፈቃድ ይፈልግ ነበርና ባሌ ፈረመ፤ የጋብቻ ወረቀታችን ላይ እንኳ እንደዚያ አሳምሮ አልፈረመም። ልጅ እፈልግ ነበር። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም፣ እፈልግ ነበር፤ ሰው ቤት ሄጄ የሕፃን ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ ሳይ ሆዴ ይባባ ነበር። ግን በየማለዳው እውጣለሁ። ያኔ ክኒን ትውጥ የነበረችዋን ልጅ ዛሬ ባገኛት በጥፊ እላት ነበር።

ሦስት ዓመት ዋጥኩ። ጉዳያችሁስ ስንል «በሂደት ላይ ነው» ይሉናል። ሂደት ማለት አንድ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ተነሥቶ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ያለው ጊዜ ነው።

አማቴ አንኮበር ነበሩ፤ ባላቸው ቄስ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆይተዋል። የእኔን ነገር ሲሰሙ «ፈረንጅ ማኅፀን አይከፍትም» ብለው ላኩብኝ፤ ሰባት ቀን ጠበል እንድገባ። ባሌ «ሂጂ፤ አልሄድም ካልሽ ሰው ይጠረጥራል» አለኝ። ክኒኔን በመቀነቴ ቋጥሬ በጭነት መኪና ወረድኩ።

ጠበሉ ከገደሉ ሥር ነበር። በጉም ውስጥ እየተንሸራተትን እንወርዳለን፣ አማቴ በዚያ ዕድሜያቸው ቀድመውኝ። እኔ ተደብቄ ክኒኔን እውጣለሁ፣ ከዚያ በባዶ ሆዴ ጠበሉን በጆግ እጠጣለሁ፣ ከዚያ አንጀቴ እስኪወጣ አስመልሳለሁ። በሦስተኛው ቀን አጥማቂው «ለቀቃት! ዓይነ ጥላው ለቀቃት!» ብለው ጮኹ፤ አማቴ እልል አሉ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ክኒኗ ሣሩ ላይ ነጭ ሆና ተቀምጣለች። በጫማዬ ረገጥኳት። ሌሎቹም ቀናት እንዲሁ ሆኑ፤ ማታ እንደገና ልዋጥ ብዬ አላሰብኩም። አላሰብኩም ማለቴም ውሸት ነው፤ አስቤ ተውኩት።

በሁለተኛው ወር አረገዝኩ። ለባሌ ስነግረው ከአፉ መጀመሪያ የወጣው ቃል «ፋይሉስ?» የሚል ነው። ቀጥሎ ፅንስ የምታስወርድ አንዲት አዋቂ ሴት አለች አለኝ፣ ቶሎ ትጨርሰዋለች፣ ማንም አያውቅም። ክኒኑን ከነመያዣው ይዤ ቀበሌ እንደምሄድ ነገርኩት። ሲደነግጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ሴትዮዋ ዳግመኛ አላነሣም።

በዚያው ሳምንት ከአገር መውጫው ተፈቀደ ተባለ። ለመታከም የሚሄድ መካን ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ሳስመልስ ጎረቤት ይሰማል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄዶ በራሱ ስም ወረቀት አጻፈ። ችግሩ የባልየው ነው፣ ዘር የለውም፣ ባስቸኳይ ይታከም። ሦስት ዓመት የኔን ስም ያስነበበ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወንድነቱን አስረክቦ ማኅተም አስመታበት። ወረቀቱ እኔን ምን እንደሚያደርገኝ አላሰበም፤ ወይም አስቧል። «እልክልሻለሁ» ብሎኝ ብቻውን ጣሊያን ሄደ።

ሆዴ ሲገፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ ሊያርሱኝ መጡና አንድ ቀን ገንፎውን እያማሰሉ ሳለ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክኒኑንም፣ አዋቂዋንም ሴትዮ፣ ወረቀቱንም። ማማሰያውን አስቀመጡ።

«ልጄ ነው ያስዋጠሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ዓይነ ጥላሽ እሱ ነበራ!» አሉ። ገንፎው አርሮ ነበር።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ በራሽን ካርዱ ላይ ላስመዘግባት ቀበሌ ሄድን። አማቴ ልጅቷን አቅፈዋል። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠ፣ ብዕሩን አነሣ፣ ሰልፈኛው እንዲሰማም ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአባት ስም?»

የባሌን ስም ነገርኩት። ከፋይሉ የወረቀቱን ግልባጭ አውጥቶ እያገላበጠ ፈገግ አለ። «ጓዲት፣ ይሄ ሰውዬ እኮ በሕክምና ማስረጃ…»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። አማቴ ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«ማኅተሙ ያንተ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የቀበሌ ማኅተም ይዋሻል?»

ሰልፉን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየ። «አይዋሽም» አለ።

«እንግዲያው ወረቀቱ እንዳለው ነው። ልጄ ልጅ የለውም። ይህች ግን የልጅ ልጄ ናት፤ በባሌ በቄሱ ስም ጻፋት።»

ጻፈ። ልጄ እስከ ዛሬ የምትጠራው በአያቷ ስም ነው። አባቷ ከዓመታት በኋላ በላከው ደብዳቤ፣ ልጄን ለምን በስሜ አላስጠራሽም ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልጻፍኩለትም፤ የወረቀቱን ግልባጭ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ላክሁለት።