አሥራ ሦስት ሰዓት በሰማይ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ይሆናል? የተጓዘበት ነው የሚቆጠረው፣ ወይስ ቁጭ ብሎ የጠበቀበት? የአውሮፕላን ቲኬት በመሸጥ ጥርሱን የነቀለው ካርታው ይህን መጠየቅ የጀመረው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው።

ካርታው ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። ደንበኛ የከተማ ስም ሲጠራለት፣ ርቀቱንም የበረራውንም ሰዓት ኮምፒውተሩን ሳያይ ይነግረዋል። የሚነግረው ግን በሰማይ ያለውን ብቻ ነው። አውሮፕላን ለመቀየር በሰው አገር ወንበር ላይ የሚዋልበትን አያነሳም። የቢሮው ሁሉ ልማድ ነው፤ በር ላይ የየከተማው ሰዓት የሰፈረበት ሰሌዳም የተጻፈው እንደዚሁ ነው። «ስለ መጠበቅ ያወራህለት ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም» ትላለች ሥራ አስኪያጇ።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የምትኖርበት ከተማ አሥራ ሦስት ሰዓት ይርቃል።

«ሰውን ሁሉ ስትልክ ኖረህ፣ እኔ ጋ ሲሆን ክንፍህ ተሰበረ?» ትለዋለች በስልክ።

«እመጣለሁ እትዬ። አሥራ ሦስት ሰዓት እኮ ናት፣ እዚሁ ሰፈር በያት።»

«ታዲያ ሰፈርተኛ እንዲህ ይጠፋፋል?»

ይስቃሉ። ዛሬ ነገ ሲል ዓመታቱ ነጎዱ።

አንድ ቀን የደወለችው የእህቱ ልጅ ነበረች። «አጎቴ፣ ሐኪሞቹ ቶሎ ይምጣ ብለዋል» አለችና ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችው።

«እትዬ፣ ዛሬ ማታ እነሳለሁ። አሥራ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጠዋት አጠገብሽ ነኝ።»

ቲኬቱን የቆረጠው ራሱ ነው። አውሮፕላን በሚቀይርበት መሸጋገሪያ ነገ ቀኑን ሙሉ እንደሚውል፣ የሚደርሰውም ከነገ ወዲያ እንደሆነ በዓይኑ አይቷል። አፉ ግን የለመደውን ተናገረ።

መሸጋገሪያው ደርሶ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወለል የምትወለውለው ሴት «አባት፣ እግርዎን» ስትለው ያነሳል፣ ስታልፍ ያወርዳል። ደክሞታል፤ እንቅልፍ ግን እንቢ አለው። ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺልኝ አለችኝ» አለች የእህቱ ልጅ። «ሰዓቱን እየጠየቀችኝ በሩን በሩን ታይ ነበር። አሥራ ሦስቱ ሰዓት ሲያልፍ መጠየቋን ተወች።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ… አጎቴ፣ አረፈች።»

ሴትዮዋ መወልወያዋን እየገፋች ተመልሳ መጣች። ሳትጠይቀው እግሩን አነሳላት።

ቀብሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሥራ በገባ ዕለት ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገብቶ ቆመ። «ሰሌዳው ላይ ከሰማዩ ሰዓት ጎን የምድሩም ይጻፍ። ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን፣ ደጅ ደጁን ለሚያየውም።»

«ኀዘንህ ገብቶኛል» አለችው ለዘብ ብላ። «ጎረቤት ያሉት ቲኬት ሻጮች ሳይጽፉ እኛ ብንጽፍ ግን ደንበኛው እዚያው በር ላይ ይመለሳል። ትንሽ ዕረፍት ውሰድ ይልቅ።»

ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ምን ስጦታ እንደሚፈልግ ጠየቁት። ያንኑ የሰሌዳውን ነገር ደገመላቸው። እርስ በርስ ተያዩና ሻንጣ ገዙለት። ሰሌዳው ዛሬም አሥራ ሦስት ሰዓት ይላል።