ጋሽ ልኬ ዓይናቸው የበራ ሰሞን

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ልኬ» ነው የሚላቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰው ሰላም ሲሉ እንኳ እጁን ከመጨበጣቸው በፊት ትከሻውን በዓይናቸው ይለኩታል። ከሱቃቸው ፊት ለፊት ባለው የካቶሊክ ቁምስና ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የቅዳሴ ልብሶቹን የሚሰፉት፣ የሚተኩሱትና በየእሑዱ አውጥተው የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ሲያደርጉ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን ዓይናቸው መድከሙን ደብቀው ኖሩ። መጀመሪያ ጉም የመሰለ ነገር መጣ፤ ቀጥሎ ጥቁርና ሰማያዊ ክር መለየት አቃታቸው። ምስጢሩን የምታውቀው ሚስታቸው ብቻ ነበረች። እሷ ጠዋት ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር ታስገባና በቀለም በቀለሙ ሰክታላቸው ትሄዳለች። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ባለቻቸው ቁጥር፣ «ዓይኑ የጠፋ ሰፊ ጋ ማን ጨርቅ ያመጣል? ወሬው ከወጣ አለቀልኝ» ይሏታል። እውነቱን ለመናገር ፈርተውም ነበር። ዓይን በስለት ይነካል ሲባል ወሬ ይቀይራሉ።

ነገሩ የወጣው በክርስቶስ ንጉሥ በዓል ዕለት ነው። ይህ በዓል የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት የሚዘጋበት እሑድ ስለሆነ ካህኑ ነጭ ይለብሳሉ። በሳምንቱ ዘመነ ምጽአት ይገባና ልደት እስኪደርስ አራት ሳምንት ያህል የጾምና የንስሐ ቀለም የሆነው ሐምራዊ ይለበሳል። ጋሽ ልኬ ልብሶቹን የሚለዩት በዳሰሳ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ጥልፍ ያለው ነጩ ብቻ ነውና። ለካስ በዚያው ወር የእናቶች ማኅበር ለእሳቸው ሳይነግር ሐምራዊውንም አስጠልፎት ኖሯል።

ወጣቱ ካህን ልብሱን አየት አደረጉና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?» አሏቸው።

«ክርስቶስ ንጉሥ ነዋ አባ! ምነው፣ በስተርጅና ትምህርተ ክርስቶስ ሊፈትኑኝ ነው?»

«ታዲያ ያወጡልኝ ልብስ ምን ቀለም ነው?»

«ነጭ!» አሉ ኮራ ብለው።

ካህኑ ከት ብለው ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። ሐምራዊውን ቀስ ብለው አጥፈው ወደ ቁም ሣጥኑ መለሱና ነጩን ለበሱ። ጋሽ ልኬ ነገሩ የገባቸው የቁም ሣጥኑ በር ዳግመኛ ሲከፈት ሲሰሙ ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ የኋላ ወንበር ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ።

ሰው ሲበተን ካህኑ ከመዘምራኑ መካከል ነርስ የሆነችውን ይዘው መጡ። እሷም በስልኳ መብራት ዓይናቸውን አየች።

«የዓይን ሞራ ነው ጋሼ። በግማሽ ሰዓት የሚገፈፍ ነገር ይዘው ነው እንዲህ የሚሠቃዩት?»

«ቢበላሽስ ልጄ?»

«አሁንስ መች ደህና ሆነ?»

ካህኑም ጣልቃ ገቡ። «ንጉሡን በገዛ በዓሉ ጾም ሊያስገቡት ነበር እኮ!»

ጋሽ ልኬ ሳይወዱ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እምቢ ማለት ከበዳቸው።

ረቡዕ ቀኝ ዓይናቸው ታከመ። ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሳ መጀመሪያ ያዩት የሰውየውን ነጭ ጋዋን ነበር። «ዶክተር፣ ይቺን ቁልፍ የተከላት ማን ነው? ሰውየው ቸኩሎ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አንቺ! ይሄ ሁሉ ሽበት መቼ መጣ?»

«አንተ ሳታይ ነዋ ተደብቆ የገባው» አለች፤ እየሳቀች እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

እሑድ ዘመነ ምጽአት ገባ። በየሳምንቱ አንድ አንድ ከሚበሩት አራት ሻማዎች የመጀመሪያው በራ፤ ካህኑም ሐምራዊውን ለብሰው ወጡ። ጋሽ ልኬ እያንዳንዷን ነገር እንደ አዲስ ያያሉ። መዘምራኑ ተሰልፈው ሲገቡ ግን ደነገጡ። የአንዱ ዘማሪ ቀኝ እጅጌ ከግራው ያጥራል። የነርሷ ቀሚስ ጠርዙ እንደ ተራራ መንገድ ይጠማዘዛል። የመዘምራኑ መሪ የሆነው የትምህርት ቤት መምህር ኮሌታው ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ሁሉም የእሳቸው ስፌት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዉ ጠማማ ልብስ ለብሶ፣ አመስግኖ፣ ዳግመኛም ጨርቅ ይዞ ይመጣ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ መምህሩን ክንዱን ያዙት። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

መምህሩ መሬት መሬት እያየ፣ «ብንነግርዎ መስፋት ይተዋሉ ብለን ፈራን ጋሼ» አላቸው።

እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሐዘን አልነበረም። «ጌታዬ፣ ዓይኔን ብቻ መሰለኝ እኮ የሰጠኸኝ» ሲሉ ሚስታቸው ሰምታለች።

በነጋታው ሱቃቸው በር ላይ «ሁለት ዓመት ያበላሸሁትን አምጡ» ብለው ለጠፉ። ግራ ዓይናቸው ከልደት በኋላ ቀጠሮ አለው፤ እስከዚያው በአንዱ እየፈቱ መልሰው ይሰፋሉ። ሰዉም እያመጣላቸው ነው። እምቢ ያሉት ዳቦ ሻጯ እትዬ ብቻ ናቸው።

«የእኔን አልሰጥም» አሉ ቀሚሳቸውን ጭብጥ አድርገው። «አንድ እግሬ አጭር ነው። በሕይወቴ መሬት እኩል የነካልኝ ቀሚስ ይሄ ብቻ ነው!»