ቁልፏ ተነቅሎ የማትጠፋው ፒካፕ

ወልቂጤ አውቶ መካኒክ እንድማር ተቀባይነት ማግኘቴን ዛሬ ጠዋት በስልክ ሲነግሩኝ ቡታጅራ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አጠገቤ አንድ ባለባጃጅ ከጄሪካን ቤንዚን ሲቀዳ ሽታው አፍንጫዬ ገባና፣ ደስታዬን ለማንም ሳልናገር፣ የአባቴ አሮጌ ፒካፕ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከአረቅጥ ድንች፣ ከቆሼ በርበሬ ጭኖ ግቢ ይገባና ቁልፉን ይነቅላል፤ እሷ ግን አትጠፋም፤ ብርድ ብርድ እንዳለው ሰው እየተንቀጠቀጠች፣ ጭስ እየተፋች ትቆያለች፣ የሰፈር ልጆችም ሮጠው መጥተው አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያጨበጭቡላታል፣ እኔም ቲኬት የምቆርጥ ይመስል በሩ ላይ እኮራለሁ።

አባቴን አላሳቀውም። ቆማም ነዳጅ እንደተረገጠ ትጮኻለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች። "እስከ ሐሙስ ካልዳነች ሸጬ መርካቶ አጎትሽ ሱቅ እገባለሁ" አለኝ። መርካቶ የገባ አባት ለአረፋ ብቻ፣ እንደ እንግዳ እንደሚመጣ የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም። አይሄድም አልኩ በልቤ።

መካኒካችን ጋሽ ሽኩር "ቤንዚኑ ነው" ሲል፣ አባቴ "ባለፈው ካንዴላው፣ ዛሬ ቤንዚኑ፣ ነገ እኔን ልትቀይረኝ ነው?" አለው።

"አንተን ሰርቪስ ይበቃሃል።"

እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ከኮፈኑ ሥር አልጠፋም ነበር፤ ስጠይቅ ስጠይቅ ነገሩ ወጣ። አረቅጥ ብርዱ ላይ እየጠፋች ስታስቸግረው አባቴ ሚኒሞዋን፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ያስጨምራል፤ ቆሼ ሙቀቱ ላይ ስትጮህ ያስቀንሳል፣ ስትጠፋ ደግሞ መልሶ ያስጨምራል።

"መጀመሪያስ ለምንድን ነው የምትጠፋው?" አልኩ።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ እንደተነሳ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሥር ጥርሱ የወለቀ ሰው ፉጨት የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነበር፣ በጨርቅ ጨምቄ ስይዘው የሞተሩ መንገጫገጭ ቆመ። ለካ አየር የሚያስገባውን ስንጥቅ በሚኒሞ ሲሸፍኑ ነው የኖሩት፤ ሚኒሞው ሲበዛ ደግሞ የጋለው ሞተር ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ መንደዱን ይቀጥላል።

ጋሽ ሽኩር "ያ አላህ" ብሎ ቱቦውን ቀየረ፣ ሚኒሞውን አወረደ። አባቴ ቁልፉን ነቀለ። ዝም።

አጥሩ ላይ እጃቸውን ለጭብጨባ ያነሱት ልጆች እንዳነሱ ቀሩ። "አበላሻችኋት!" አለ አንዱ።

አባቴ መርካቶ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ግን ፒካፗን ይዞ ግቢ መግባቱን የሚጠብቅ ልጅ ጠፋ፤ ፒካፗ በሌላ ተለወጠች፣ አጥሩ ብሎኬት ሆነ፣ እዚያ ላይ ተንጠልጥለው ከነበሩት ብዙዎቹ እነሱ ራሳቸው መርካቶ ገብተው አሁን ለአረፋ ብቻ አያቸዋለሁ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ቅርብ ወልቂጤ እማራለሁ፣ እዚሁ እሠራለሁ።

ለጋሽ ሽኩር ዜናውን ስነግረው "ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ነይ፤ ጥያቄ የሚወዱ ጓደኞች ካሉሽም ይዘሽ ነይ" አለኝ። ይህን ያነበባችሁ ሴቶች ልጆች፣ ተጠርታችኋል፤ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።