ኮቴ የሌለበት አሸዋ

ሮቢት ኬላ ላይ ፈታሾች ከሚኒባስ ያወረዱኝ በፕላኔቷ ማርስ ፎቶ ምክንያት ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ብዬ ከኢንተርኔት አውርጄ ያተምኳቸው ወረቀቶች ቦርሳዬ ውስጥ ተገኙ። ፈታሹ ቀዩን አሸዋና ድንጋዩን አየና፣ «ይሄ በድሮን የተነሳ ነው» አለ። በቃ። ቆቦ ወስደው የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉብኝ።

ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። የማሽላ ብናኙ ጉሮሮ ይይዛል። አጠገቤ የነበሩት ከዋጃ በታች የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው የለም። ሐሳባቸው ሁሉ ጎርፉ ላይ ነበር። የዚያ ቆላ ማሽላ የሚበቅለው ከተራራ በሚወርድ ጎርፍ ነው፤ ተራው ሲደርስ ጠልፎ ማሳው ያላስገባ ሰው ዓመቱን የሚበላው የለም። የእሳቸው ተራ ደግሞ ደርሷል።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን። እስከዚያ ድረስ «ለማን ልትልከው ነው?» ሲለኝ ነበር። ከማርስ ድረስ የተላከልኝን እኔ ለማን ልላክ? አሁን ፎቶ ያለበትን ወረቀት ለሽማግሌው ሰጣቸው።

«አባቴ፣ አገሩን እርስዎ ያውቁታል። ይሄ ከዋጃ በታች ያለው ደረቅ ወንዝ አይደለም? ነው ብለው ይፈርሙ፤ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ።»

ከፈረሙ እኔ ሰላይ ሆኜ መቅረቴ ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ቆይተው አዩት።

«ውሃስ ሄዶበታል» አሉ።

ክው አልኩ።

«ድንጋዩን ያሞለሞለው ጎርፍ ነው። ግን ልጄ፣ የፍየል በጠጥ የታለ? የግመል ኮቴስ? የእኛ ወንዝ ሲደርቅ የከብት መንገድ ነው። እዚህ ነፍስ ያለው ነገር ረግጦ አያውቅም።»

«እሱን ይተዉትና ይፈርሙ።»

«ወላሂ አልፈርምም። አላህ ፊት ምን ልል ነው?»

«ጎርፉ ያልፍብዎታል።»

«ይለፍ።»

ወደ መጋዘኑ መለሱን። ከሰዓት በኋላ በተራራው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

ከአሥር ቀን በኋላ «ሂድ» ተብዬ ወጣሁ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም። እሳቸው ወር ሰንብተው ሲፈቱ ማሳቸው ጦም አድሮ ነበር። ዓለም ሁሉ በስልኩ በሚያየው ፎቶ! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ዘንድሮም ያንኑ ፎቶ ይዤ ክፍል ገባሁ። ውሃ እንደሄደበት ሳይንቲስቶች በስንት መሣሪያ እንዳረጋገጡ ካስተማርኩ በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ የዋጃ ገበሬ በዓይናቸው ብቻ እንዳወቁት፣ ለዚያም እውነት የዓመት እህላቸውን እንደከፈሉ እነግራቸዋለሁ። «ይሄንንም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ» እላቸዋለሁ።