እስክጨርስ የሚጠብቀኝ ሰው

ቅዳሜ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። እማዬ ከኋላ ሆና በአንድ እጇ የበሩን መያዣ፣ በሌላው የወንድሜን ወንበር ጨብጣ ትጸልያለች።

«አንተ ልጅ፣ ቀስ በል! የጫንከው እናትህን ነው፣ ድንች አይደለም።»

«እማዬ፣ ከዚህ በላይ ቀስ ካለ እኮ ፓርክ አደረገ ነው የሚባለው» አላት ወንድሜ።

ከምንኖርበት ሰፈር ከቪከሪ ሜዶ ራቅ ወዳለችው ከተማ ወደ ሌዊስቪል ነበር የምንሄደው። እዚያ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የማሸግ ሥራ አግኝቼ ሰኞ እጀምራለሁ። መንገዱን እንድለምድ ብሎ ነው ወንድሜ ያወጣን። ሃይስኩል ከጨረስኩ ገና አንድ ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ድፍረት ግን የለኝም። ያ ቀን ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ሙቀት ነበር። የመኪናው ኤሲ አይሠራም። ይኸው ነው።

ስንመለስ ራበን። ወንድሜ «እዚህ ግባ» አለኝ። ከመኪና ሳይወርዱ ለድምፅ ማጉያ ሳጥን ተናግረው ምግብ የሚያዙበት ቤት ነው፤ ድራይቭ ስሩ።

እኔ እንተባተባለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አንዳንድ ድምፅ ጉሮሮዬ ላይ ይቆለፍብኛል። ሰው ደግሞ ደግ ነው፣ ያግዘኛል፤ ቃሉን ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል። እማዬ ትጨርስልኛለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይጨርሱልኛል። ብዙ ጊዜ ልል ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ግን አንዴ ተጨርሷልና እሺ እላለሁ። ምግብ ስገዛም የምፈልገውን ሳይሆን ምላሴ የሚችለውን ነበር የማዘው።

«ወንድምጋሼ፣ አን... አንተ እዘዝ።»

«ማሙሽ፣ የራበህ አንተ ነህ።»

«አንተም እኮ ርቦሃል።»

«እኔ እታገሣለሁ። ዛሬ የምትፈልገውን እዘዝ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገና ፊት ለፊቱን ያይ ጀመር።

የምፈልገው ቺክን ሳንድዊች ነበር። «ቺ» ላይ ተቆለፈብኝ። ሳጥኑ «ሄሎ? አለህ?» አለ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። እማዬ አላስቻላትም።

«በቃ እኔ ልዘዝለት!»

«አንቺ ካዘዝሽማ ሳጥኑ አማርኛ ይለምዳል» አላት ወንድሜ። ወደ እኔ ግን አልዞረም። አልነካኝም፣ በርታም አላለኝም። ዝም ብሎ ጠበቀ። አጠባበቁ ለየት ይል ነበር። ችሎኝ ሳይሆን ለማወቅ ጓጉቶ ነው የሚጠብቀኝ፤ ምን ልል እንደሆነ በእውነት የማያውቅ ሰው ይመስላል።

ጥሩምባው ደገመ። «ተዋቸው፣ ርቧቸው ነው» አለ ወንድሜ።

ቃሉ ወጣ። ሦስት ቺክን ሳንድዊች። እማዬ ከኋላ አጨበጨበች፣ ቀጥሎም ሥጋው አልበሰለም ብላ አማረረች።

እየበላን ለብዙ ጊዜ ስፈራው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቅኩት። እሱ የሚወስደውንና የሚናገርለትን ነገር፣ አሜሪካኖቹ ሳይኬደሊክ የሚሉትን፣ የሰውን አእምሮ ለጥቂት ሰዓት የሚለውጠውን እንጉዳይ፣ እኔም አንድ ቀን ልሞክረው ወይ አልኩት። እማዬ ማኘኳን አቆመች።

«አንተ ገና ልጅ ነህ፣ አይሆንም» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። «ደግሞ እሱን መውሰድ ጉዞ ነው የሚሉት፤ ያንተ ጉዞ እዚያ ሳጥን ጋ ነው። ዛሬ ሄደህበታል።»

ወንድሜ ነገርን የሚመረምር አሳቢ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ጀምሮ ሳይጨርስ ታሰረ፤ ከእስር ሲወጣ በሱዳን አድርገን እዚህ አሜሪካ መጣን። ሪቻርድሰን ከተማ የስልክ መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃው መሥራቱን የሚፈትሽ ሠራተኛ ነበር። ቤት ሲመጣ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። ሲተኛ ይጮሃል። እኔ አንድ ክፍል ስለምጋራው አውቃለሁ። በሥራ ቀን ከሌላ ሰፈር እየመጣ ግቢያችን ውስጥ ኤሲ የሚጠግን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር፣ ድሮ ወታደር የነበረ። እሱም እንቅልፍ የለውም። ጓደኛ ሆኑ። እንጉዳዩን ያሳወቀው እሱ ነው። ሕጉ ይከለክለዋል፣ ወንድሜም ያውቃል፣ ለጠየቀው ሁሉ ግን ሳይደብቅ ይናገራል። እኔ ስለ እንጉዳዩ የምለው ነገር የለኝም። የማውቀው ጩኸቱ መቆሙን ነው። ከዚያም ማሰብ ጀመረ፤ ወይም ማሰቡን ቀጠለ።

«ሽቦ ድምፅ አይሠራም፣ ያስተላልፋል» ይል ነበር። «አእምሮስ እንደዚያ ቢሆን? እኔ ነኝ የምንለው ድምፅ በእኛ በኩል የሚያልፍ ቢሆንስ?» መልሱን አያውቅም ነበር። አላውቅም ማለት አያሳፍረውም።

በየእሑዱ ጠዋት ኋይት ሮክ ሐይቅ ዳር፣ ጠረጴዛ ባለው መጠለያ ሥር፣ ሰዎች ይሰበሰቡለት ጀመር። የድሮው ወታደር፣ አንዲት ነርስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሌሎችም፤ አሥር አሥራ ሁለት ይሆናሉ። እዚያ ምንም የሚዋጥ ነገር አልነበረም። በራሳቸው ጊዜ፣ በየቤታቸው የሞከሩትን ይዘው ይመጣሉ፣ ወንድሜ ይጠይቃቸዋል። አንዱ ስላየው ቀለም ማውራት ሲጀምር ያቋርጠዋል ብዬ ስጠብቅ አያቋርጥም። እስኪጨርስ ይሰማዋል። ሲጨርስ «ጥሩ። ሰኞስ፣ ወደ ኑሮህ ስትመለስ፣ ምን ሠራህ?» ይለዋል። ከእናትህ ጋር ታረቅህ? ያስቀየምከውን ሰው አገኘኸው? ካልሆነ ሲኒማ ነው ያየኸው፤ ሂድና ሰኞን ሥራ ይላል። ብዙዎቹ ሠሩ። ነርሷ ከአባቷ ጋር ታርቃ አስታማ ቀበረችው። ይህን ራሷ ነች የነገረችኝ።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሌዊስቪል ተመልሰን የአስቤዛ ከረጢት ይዘን ደረጃውን ስንወጣ ወንድሜ መሀል ላይ ተቀመጠ። «ራሴን... ቆይ፣ ትንሽ ልቀመጥ» አለ። ከረጢቱን በቀስታ አጠገቡ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ። የጀመረው ነገር ነበር፣ አልጨረሰውም። እኔም ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፤ ልጨርስለትም አልሞክርም።

አምቡላንስ መጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ ወጥቶ ማረፉን ነገረን። ከልደቱ ጀምሮ ስስ የነበረ የጭንቅላት ደም ሥር ፈንድቶ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ አባባ የምንላቸው፣ እንደ አባት የያዙን ሰው፣ ከእኛ ጋር ነበሩ። በወሰደው ነገር ይሆን እንዴ ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ሐኪሙ አይደለም አላቸው። በጆሯቸው ሰሙ።

ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ሰው ሐኪሙን አይጠይቅም፣ ያወራል እንጂ። ሶ፣ እነዚያ የእንጉዳይ ሰዎች ባይነገራቸው ይሻላል። ማለቴ፣ ለቅሶ ቤት መጥተው ቢታዩ... ለእናትህ ብዬ ነው። ልጁ ያን ነገር ትቶት ነበር እንላለን።»

«አል... አልተወ—»

«አልተወም ነበር፣ ሊተው ግን አስቦ ነበር። እሱን እኮ ነው የምልህ።»

እኔ ልል የነበረው ያንን አልነበረም። አልተወውም፣ አላፈረበትምም፣ ነበር የምለው። የእኔን ንግግር እንደሚጨርሱት የወንድሜንም ሕይወት ሊጨርሱለት እንደሆነ ገባኝ። የሚቀጥለው ቀን እሑድ ነው። ሰዎቹ ሐይቁ ዳር ይመጣሉ፣ ይጠብቁታል፣ ሳያውቁ ይበተናሉ። ስልካቸውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፣ በቃሉ። ከእኔ በቀር የሚነግራቸው የለም።

ይህን የምጽፈው ላመሰግነው ነው። እሱን የሚያመሰግኑ ሌሎች አሉ፤ አእምሯቸው ስለተከፈተላቸው። እኔ የማመሰግነው አንድም ቃል ስላልነጠቀኝ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስሉኛል፣ ግን እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አልችልበትም።

ጠዋት እማዬ ፍራሽ ላይ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ድምጿ አልቋል። ጫማዬን ሳስር አየችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሐ... ሐ...»

ጠበቀች። ምናልባት ለመናገር አቅም አጥታ ይሆናል። ግን ጠበቀች።

«ወደ ሐይቁ። እ... እነሱ አልሰሙም።»

አባባ ከበሩ አጠገብ ከወንበራቸው ቀና አሉ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ «በልተው ይሆን?» አለች።

«እ?»

«ባዶ ሆዳቸውን እንዳትነግራቸው። መጀመሪያ ይቅመሱ።»

አባባ ተነሡ። ሊከለክሉኝ መስሎኝ ትከሻዬን አጠነከርኩ። እሳቸው ግን የመኪና ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «መርዶ ብቻውን የሚነግር አይቼ አላውቅም» አሉ፣ እየተቆጡ። «እወስድሃለሁ። ከመኪናው ግን አልወርድም።»

«እሺ አባባ።»

የለቅሶ ቤት ምግብ ይዤ ብሄድ ሳልናገር ይታወቅብኛል ብዬ ስለፈራሁ መንገድ ላይ እንደ ትናንቱ ለሳጥን ተናግረው የሚያዙበት ምግብ ቤት አሳየኋቸው። አባባ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ልበልልህ?»

«እኔ ነኝ የ... የማዘው።» በላያቸው ተንጠራርቼ ወደ ሳጥኑ ዞርኩ። «አሥራ ሁለት» የሚለው ወጣ። «ቺ» ላይ ተቆለፈ። «ሄሎ?» አለ ሳጥኑ። አባባ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን ክንዳቸው ላይ አደረግኩ። በዕድሜዬ ትልቅ ሰው ዝም አሰኝቼ አላውቅም። ደንግጠው ዝም አሉ። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ይንፉ። ርቧቸው ነው።

አሥራ ሁለት ቺክን ሳንድዊች አዘዝኩ።

መጠለያው ሥር ሁሉም ነበሩ። ከረጢቶቹን ሲያዩ ጮኹ፣ ሳቁ።

«ልደትህ ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ ተማሪ።

«ወንድምህስ? እኛን ሰኞ እያለ እያስጨነቀ እሱ እሑድ ተኝቶ ይቀራል?» አለ የድሮው ወታደር።

«መ... መጀመሪያ ብሉ» አልኳቸው።

በሉ። እነሱ ግብዣ መስሏቸው እያመሰገኑኝ፣ እኔ እያንዳንዱን ጉርሻ እያየሁ። የድሮው ወታደር ዓይኑ አባባ ላይ አረፈ፤ መኪናው ውስጥ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ተቀምጠዋል። ከዚያ እኔን አየ። ሳንድዊቹን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው።

ቆምኩ። «ወንድሜ» አልኩ በእንግሊዝኛ፤ እሱ ወጣ። የሚቀጥለው አልወጣም። ጥርሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ዳክዬዎች ይጮኻሉ። አንድ ሰው በብስክሌት አለፈ። አይተውኛል፣ ገብቷቸዋል፣ ነርሷ እያለቀሰች ነው፤ ግን አንድ እንኳ ቃሉን ያነሣልኝ የለም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ከማን እንደተማሩት አውቃለሁ።

«ወንድሜ ትናንት ሞተ።»

አላቆምኩም። የጭንቅላቱ ደም ሥር ነው አልኩ። እንጉዳዩ አይደለም፣ ሐኪሙ ተናግሯል። ግን ትቶትም አልነበረም። ማንም ትቶት ነበር ቢላችሁ እውነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ሁሉንም ግን ተናገርኩ።

የድሮው ወታደር መጥቶ አንገቴን አቀፈኝ። ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች፣ «እናንተ ቤት መምጣት... ይፈቀድልናል? እናትህ ቅር አይላትም?» አለች።

ያኔ የመኪናው ሞተር ጠፋ። አባባ በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው እርጥቡን ሣር እየረገጡ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆሙ። ጥያቄውን በተከፈተው መስኮት ሰምተዋል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

ጊዜ ወሰደብኝ። እሳቸውም ጠበቁ።

«ኑ» አልኳቸው። «ዛሬ። ሁላችሁም።» ከዚያ መንገዱን፣ ሕንፃውንና የበራችንን ቁጥር ነገርኳቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ራሴ።